እትዬ የነዙት ወሬ

ጸጥታ የሚለውን ስም ያወጡላት የድሮ መሥሪያ ቤቷ ሰዎች ናቸው። ድርጅቱ ሕንፃ ይሠራ ነበር፤ የእሷ ሥራ ደግሞ አዲስ ያለቀ ክፍል ውስጥ ገብታ ድምፅ እንዴት እንደሚመላለስ መለካት። ገና በሩን ከማለፏ ቀለም ቀቢውንም አናጢውንም "እስቲ አንዴ ጸጥታ!" ትላለች። ከዚያ አንድ ጊዜ ታጨበጭብና፣ ጭብጨባው ከግድግዳ ግድግዳ ሲላተም ቆይቶ እስኪጠፋ ድረስ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። ሠራተኞቹ መጀመሪያ ላይ ነካ ያደረጋት መስሏቸው ይጠቃቀሱ ነበር። በኋላ ለመዱትና "ጸጥታ መጣች፣ አፋችሁን ዝጉ" መባባል ያዙ። ስሙ እያደር ቤቷ ድረስ ተከትሏት ገባ። ባለቤቷ እንኳ ወላጆቿ ባወጡላት ስም የሚጠራት ሲቆጣ ብቻ ነው።

ይህች ሴት አርባውን ካለፈች በኋላ ያንን ሥራ ለቀቀች። ማንም አላስቀየማትም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ድርጅቱ ክፍሉን ባዶ ሳለ ያስለካታል፣ ቁልፉን ያስረክባል፣ በቃ። ሰው ገብቶበት፣ ወንበርና ጠረጴዛ ሞልቶበት፣ ልጅ አልቅሶበት፣ ስልክ ጮኾበት ምን እንደሚመስል ተመልሶ የሚጠይቅ የለም። እሷን ደግሞ ያ ያልተጠየቀ ነገር ዕረፍት ይነሳታል። ካፌ ስትገባ ቀድማ የምታየው ጣሪያውን ነው። ባንክ ቤት ተሰልፋ፣ ከመስታወቱ ኋላ ያለችው ገንዘብ ከፋይ "ምን አሉኝ?" እያለች ስትንጠራራ ካየች፣ ተራዋን ረስታ መስታወቱን ስታጠና ከኋላዋ ያሉት ይቀድሟታል። እናም አንዲት ጠባብ ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተከራየችና በሩ ላይ "የድምፅ አማካሪ" የሚል ሰሌዳ ሰቀለች።

መጀመሪያ የመጣው እንግዳ "ዘፈን መቅረጽ ፈልጌ ነበር" ያለ ጎረምሳ ነው። ቀጥሎ የመጣው ሰውዬ የተበላሸ ድምፅ ማጉያ ተሸክሞ "ይጠግኑልኛል?" አላት። ከዚያ በኋላ በሩን ያንኳኳ የለም።

"ሰሌዳ አንብቦ ሦስተኛ ፎቅ የሚወጣ ማን አለ?" አላት ባለቤቷ አንድ ቀን ምሳ ላይ። የኬሚስትሪ አስተማሪ ነው፤ ነገር ሲያስረዳ እጁ ሳያስበው ጠመኔ የያዘ ይመስላል። "ለምታውቂያቸው ሰዎች ንገሪ እንጂ። ሰው ሐኪም ጋ እንኳ የሚሄደው ዘመድ ጠይቆ ነው።"

"ምን ብዬ? ሥራ ስጡኝ ብዬ ልለምን?"

"ማን ለምኚ አለሽ? አውሪ ነው ያልኩሽ።"

ለእሱ ማውራት ቀላል ነው። እሷ ግን ስለ ግድግዳ ከሆነ ስታወራ ብትውል አይደክማትም፤ ስለ ራሷ ተናገሪ ሲሏት ነው ምላሷ የሚተሳሰረው። ያም ሆኖ እንደ ምንም ብላ ስልኳን አነሳች። የድሮ አለቃዋ "ግሩም ነገር ነው! በርቺ! እናስብበታለን" አላትና ሌላ ስልክ ገባብኝ ብሎ ዘጋ። ሆቴል የምታስተዳድር የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ጋ ስትደውል ደግሞ ያነሳው እንግዳ ተቀባይ ነበር።

"ማን ልበል?"

"ጸጥታ ነኝ።"

ወዲያ ማዶ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ተጣለ። ከዚያ የሚሮጥ ሰው ኮቴ ተሰማ፤ ትንሽ ቆይቶ ጓደኛዋ ቁና ቁና እየተነፈሰች ስልኩን ተቀበለች። "ጤና ይስጥልኝ፣ ምን ችግር ተፈጠረ? ወረቀታችን በሙሉ የታደሰ ነው!"

ማንነቷ ሲነገራት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ስቃ ስታበቃ ግን "እኛ ጋ እንኳ የድምፅ ችግር የለም" አለች፤ ከኋላዋ የሳህንና የሻንጣ ኳኳታ ስለነበር ይህንኑ ሁለት ጊዜ ደግማ መናገር ነበረባት።

እንግዲህ የቀሩት እትዬ ናቸው። እትዬ የእናቷ ታላቅ እህት ናቸው፤ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አዋላጅ ነርስ ነበሩ። ጸጥታ ስትመጣ እንደ ልማዳቸው ስልካቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መስኮት ሥር ተቀምጠው አገኘቻቸው።

"ለመሆኑ አሁን ሥራሽ ምንድን ነው?" አሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው።

"አማካሪ ሆኛለሁ እትዬ።"

"እሰይ! ስለምኑ ነው የምታማክሪው?"

ጸጥታ አሰበች። ድምፅ ከሴራሚክና ከመስታወት እንዴት ተጋጭቶ እንደሚመለስ ብትዘረዝር እትዬ ከመሃሉ ያንቀላፋሉ። ስለዚህ ቀለል አደረገችው። "ሰዎች አንድ ቤት፣ አንድ ሥራ ቦታ እያሉ መደማመጥ ያቅታቸው የለ? እኔ እዚያው ሄጄ ምክንያቱን እፈልጋለሁ። ከዚያ መፍትሔውን እነግራቸዋለሁ።"

እትዬ መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አወረዱና የእህታቸውን ልጅ ገና ዛሬ እንዳዩዋት ሁሉ ከላይ እስከ ታች አዩዋት። "አንቺ ልጅ፣ እንዲህ ያለ ሙያ ይዘሽ ነው እስከ ዛሬ አፍሽን ዘግተሽ የተቀመጥሽው?"

"ለሚያውቋቸው ሰዎች ቢነግሩልኝ ብዬ ነው የመጣሁት።"

"ለማውቃቸው?" ሳቃቸው መጣ። "የዚህ ከተማ ግማሹ ሰው እኮ መጀመሪያ ያየው ፊት የእኔን ነው።"

ጸጥታ ደረጃውን ወርዳ ሳትጨርስ የእትዬ ድምፅ በመስኮቱ ሲወጣ ሰማች። ስልክ ይዘዋል።

በማግስቱ ቢሮዋ ስልክ በስልክ ሆነ። የመጀመሪያዋ ደዋይ ድምፃቸው የታፈነ ሴትዮ ነበሩ። "ባለቤቴ አይሰማኝም" አሉ።

ጸጥታ ብዕሯን አነሳች። "ከጀመረው ቆየ?"

"ከተጋባን ጀምሮ ነው።"

"ክፍሉ ሰፊ ነው?"

"የቱ ክፍል?"

"የማይሰማዎት ክፍል።"

"ኧረ የኔ እመቤት፣ የትኛውም ክፍል ውስጥ አይሰማኝም!"

ቀጥሎ ልጄ ምክሬን አልሰማ አለች የሚል አባት ደወለ። ከእሱ በኋላ ከአከራያቸው ጋር አልደማመጥ ያሉ ባልና ሚስት። ጸጥታ ነገር ዓለሙ ዞረባትና ወደ እትዬ ደወለች።

"እትዬ፣ ለሰው ምን ብለው ነው የነገሩልኝ?"

"እንዳልሽኝ ነዋ! የማይደማመጡ ሰዎችን የምታስታርቅ የእህቴ ልጅ አለች ነው ያልኩት።"

"አስታርቃለሁ መቼ አልኩ?"

"ምክንያቱን ፈልጌ መፍትሔ እሰጣለሁ አላልሽም? ማስታረቅ ታዲያ ሌላ ምንድን ነው?"

ጸጥታ ስልኩን ዘጋች። ሁሉም ጋ መልሳ ደውላ ይቅርታ ልትጠይቅ እጇን ወደ ስልኩ ስትሰድ በሩ ተንኳኳ።

የገባው ሰው ትከሻው በሩን የሚሞላ፣ የጣቶቹ ጫፍ በጥቁር ቀለም የተነከረ፣ የማተሚያ ቤት ባለቤት ነው። ወንበሩ ላይ በጥንቃቄ ተቀመጠ። "እትዬ ናቸው የላኩኝ" አለ። ከዚያ ግዙፍ ሰውነት የማይጠበቅ ድምፅ ወጣ፤ ቀጭን፣ ለስላሳ፣ ለራሱ የሚያወራ ዓይነት። ጸጥታ ለመስማት በጠረጴዛው ላይ ወደ ፊት ማዘንበል ነበረባት።

ማተሚያ ቤቱን ከአባታቸው የወረሱት ከእህቱ ጋር ነው። እሷ ከፊት ደንበኛ ትቀበላለች፤ እሱ ከኋላ ማሽኑ ላይ ይሠራል። አባታቸው በነበሩበት አሮጌ ቤት ሲሠሩ አንድ ቀን ክፉ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። አሁን ግን ሆድና ጀርባ ሆነዋል። "ትጮኽብኛለች" አለ። "ሰው ፊት። እንደ ተላላኪ ነው የምታዘኝ። እኔ ደግሞ ታላቋ ነኝ።"

ጸጥታ እኔ አስታራቂ አይደለሁም ልትል ነበር። አፏ ላይ የደረሰውን ቃል አንድ ነገር መለሰው። "ከመቼ ወዲህ ነው?"

"አዲሱ ቤት ከገባን ወዲህ።"

ጆሮዋ ቆመ። "አዲሱ ቤት ወለሉ ምንድን ነው?"

ሰውዬው ግራ ገባው። "ወለሉ? ሴራሚክ።"

"ጣሪያውስ?"

"ቆርቆሮ። ኮርኒስ የለውም።"

"በእርስዎና በእህትዎ መካከልስ ምን አለ?"

አንገቱን ደፋ። "ምን ይኖራል፤ ቂም ነው እንግዲህ።"

"አይ፣ ግድግዳውን ማለቴ ነው።"

"እ... መስታወት።"

ጸጥታ ወንበሯን ገፋ አድርጋ ተነሳች። "እውነቱን ልንገርዎት። እኔ ሰው አላስታርቅም፤ የማየው ክፍል ነው። ከፈቀዱልኝ ግን ክፍላችሁን ባየው ደስ ይለኛል።" ይህን ስትል ፊቷ እንዴት እንደበራ እሷ አላወቀችም፤ ሰውዬው ግን ስላየ ፈቀደ።

ማተሚያ ቤቱ ስትደርስ እትዬ ቀድመዋት የደንበኞች አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። "ሁለቱንም ያዋለድኩት እኔ ነኝ፤ አይመለከትዎትም አትይኝም" አሉ ገና ሳይጠየቁ። እህትዮዋ ባንኮኒው ኋላ ቆማለች፤ ቀጠን ያለች፣ እርሳስ ፀጉሯ ውስጥ የሰካች፣ አነጋገሯ የሚፈጥን ሴት። በመስታወቱ በኩል ወንድሟ ከአባቱ ማሽን ጎን ይታያል። ማሽኑ አሮጌ ነው፤ ወረቀቱን በወሰደ ቁጥር ወለሉን ደለቅ ያደርገዋል፣ ቆርቆሮው ያንን ተቀብሎ ይንቀጠቀጣል።

"እሱ ሰው ሲጠራው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል" አለች እህትዮዋ። "ብጠራው አይመልስ፣ ብጠይቀው አይመልስ። እዚያ መስታወት ኋላ ሆኖ ከንፈሩን ያነቃንቃል እንጂ። እየሰደበኝ እንደሆነ አላጣሁትም።"

ጸጥታ ማሽኑ እንዳይጠፋ ለምና እሱ የሚቆምበት ቦታ ሄዳ ቆመች፤ እሱን ወደ ፊት ላከችው። ከዚያ በእጇ ምልክት ሰጠች፦ ለእሱ የሚሉትን ይበሉ።

እህትዮዋ አፏን ከፈተች። ጸጥታ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ታያለች፣ አንዳች ነገር አይሰማትም። ሴትዮዋ እንዳልተሰማች ስለገባት በየቃሉ ድምፅዋን ከፍ እያደረገች ሄደች፤ ደም ሥሯ እስኪታይ። በመጨረሻ ከመስታወቱ በላይ ባለው ክፍተት አንዲት ቃል ዘላ ገባች።

"...ጨርስ!"

ጸጥታ ሌላም ይበሉ ብላ ምልክት ሰጠች።

"...አምጣው!"

አንድ ጊዜ ደግሞ።

"...ተው በቃ!"

ጸጥታ ወደ ፊት መጣች። "የመጀመሪያውን ሙሉውን ይንገሩኝ። ምን ነበር ያሉት?"

"ምን እላለሁ፤ 'ወንድሜ፣ ደክሞህ ከሆነ ትንሽ አረፍ በል፣ ካልደከመህ ግን የትምህርት ቤቱን ደብተር እስከ ከሰዓት ጨርስ' ነው ያልኩት።"

ወንድምዬው ባንኮኒውን ይዞ ቆሞ ነበር። "ወንድሜ ትያለሽ?" አለ በዚያች ቀጭን ድምፁ።

"ምን ልበልህ ታዲያ?"

"አይ..." አለና ዓይኑን ወደ ማሽኑ መለሰ።

ጸጥታ ጊዜ አልሰጠቻቸውም። እህትዮዋን ክንዷን ይዛ ማሽኑ ጋ አቆመቻት፤ እሱን ባንኮኒው ጋ። አሁን እሱ እንዲናገር ጠየቀችው። ተናገረ። እህትዮዋ ከመስታወቱ ኋላ አንገቷን አስግጋ፣ ግንባሯን ቋጥራ የወንድሟን ከንፈር ታያለች። ድንገት "ምን አልክ?" አለች፤ እሷ ለመጠየቅ ያህል ነው ያለችው፣ ወደዚህ ማዶ የደረሰው ግን ጩኸት ነው። አግዳሚው ላይ የነበረ ደንበኛ ዘወር ብሎ አያት።

"ይኸው! አያችሁ ስትጮኽ?" አለ ወንድምዬው።

እህትዮዋ ወጥታ መጣች። "አልጮኽኩም እኮ፤ ስላልሰማሁህ ነው እንጂ..." ንግግሯን አልጨረሰችውም። ወደ መስታወቱ ዞራ፣ ከኋላው ባዶ የቀረውን ቦታ እያየች ቆየች።

"እሱ ሲወለድም አላለቀሰም" አሉ እትዬ ከአግዳሚው። "መትቼ ነው ያስለቀስኩት። አንቺ ደግሞ የሆስፒታሉን ሰው በሙሉ ነበር ከእንቅልፉ ያስነሳሽው።"

ጸጥታ የሚደረገውን ነገረቻቸው። የመሃሉ መስታወት ይነሳ፤ የማሽኑ እግሮች ሥር ወፍራም ጎማ ይግባ፤ ከቆርቆሮው በታች በስፖንጅ የተሸፈነ ጣውላ ይንጠልጠል፤ ማሽኑም ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዙር። ሁለቱ ራሳቸው መሰላል ላይ እየወጡ ሠሩት። ሲያልቅ መጥታ ለካች፤ መለኪያው የሚያሳየው ነገር አስደሰታት፤ ተሰናብታቸው ሄደች።

ሳምንቱ ሳያልቅ ስልኳ ጮኸ። ወንድምዬው ነው። "እባክዎ ይምጡ" አለ። "ብሶብናል።"

በመንገድ ላይ የሠራችውን በሐሳቧ መላልሳ ፈተሸች። የቱን ሳትኩ? ጎማውን ነው? ጣውላው ዝቅ ማለት ነበረበት? በሩ ጋ ስትደርስ ግን ሳትገባ ቆመች፤ ምክንያቱም ማሽኑ እየሠራ ሁለቱም የሚሉት አንድ ቃል ሳይወድቅ ይሰማ ነበር።

"የካርቶን ማሸጊያ እንጀምር ብዬህ እሺ ብለሃል!" ትላለች እህት።

"የአባባ ማሽን ካርቶን አያትምም፤ እሱን ደግሞ አልሸጥም። ይህንን ስነግርሽ ሦስት ዓመት ሆነኝ።"

"መቼ ነገርከኝ? ጭንቅላትህን ስትነቀንቅ እሺ ያልክ መስሎኝ እኮ ለደንበኛ ቃል ገብቻለሁ!"

"የነቀነቅኩትማ ሰምቻለሁ ለማለት ነው!"

ጸጥታ እግሯ ደጃፉ ላይ ተተክሎ ቀረ። በዚያ ሁሉ ዘመን ክፍል ለክታ ከሄደች በኋላ ተመልሳ ያየችበት ቀን ይህ የመጀመሪያው ነው። ትታው እንዳትሄድ ተጠርታለች፤ እንዳትገባ ደግሞ ይህ ሙያዋ አይደለም። ሆኖም ቀጥሎ ምን እንደሚባል ማወቅ ፈለገችና ገብታ እትዬ ተቀምጠውበት የነበረው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች።

ብዙ ተባባሉ። አባታቸው በመጨረሻው ዘመናቸው ለማን ምን እንዳሉ ተነሳ፤ ሁለቱም የየራሳቸውን ነበር የሚያስታውሱት። እህትዮዋ አለቀሰች። ወንድምዬው ማሽኑን አጠፋው፤ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የእህቱ ለቅሶ ብቻ ሆነ። ያኔ ነው ያዩዋት።

"እርስዎስ ምን ይላሉ?" አለቻት እህትዮዋ፣ ዓይኗን በእጅጌዋ እየጠረገች።

"ስለ ካርቶን የማውቀው ነገር የለም" አለች ጸጥታ። "ቃል የገቡለትን ደንበኛ ግን ምን ሊሉት ነው?"

ጥያቄው መሃላቸው ላይ ቀረ። ደንበኛውን አብረው ሄደው አነጋገሩት። ከማሽኑ ክፍል ጎን ያለች አንዲት ትንሽ ክፍል ለካርቶኑ ተለቀቀች፤ ሥራውን እህትዮዋ በራሷ ኃላፊነት ጀመረችው። የአባታቸው ማሽን ከወንድምዬው ጋር ቀረ። በዚህ ለመስማማት ብዙ ፈጀባቸው፤ ዛሬም ቢሆን ተኳርፈው የሚውሉበት ቀን አለ። ልዩነቱ፣ የተኳረፉበትን ነገር ሁለቱም ያውቁታል።

ወደ ማተሚያ ቤቱ የሚመጣ ደንበኛ "ምነው ቤታችሁ እንዲህ ረጋ አለ?" ብሎ ይጠይቃል። እህትዮዋም ነገር የምትሰስት ሴት ስላልሆነች ጣሪያውን እያሳየች ከጫፍ እስከ ጫፍ ታወራለታለች። እትዬ በበኩላቸው የነገሩትን ለማረም እሺ አላሉም፤ ስለዚህ እስከ ዛሬ ከሚደውሉት መካከል አማቴ አስቸገረችኝ የሚሉ አይጠፉም። ጸጥታ እነሱንም ቶሎ አትሸኛቸውም። ነገሩ የት ክፍል ውስጥ እንደሚጀምር ትጠይቃቸዋለች፤ አንዳንዶቹ ክፍሉን ለማየት ስልኩን እንደያዙ ተነሥተው ይሄዳሉ።

አንድ ቀን የማተሚያ ቤቱ ደንበኛ የሆነች የአረጋውያን መኖሪያ አስተዳዳሪ ደወለችላት።

"እንዴት ብዬ እንደምነግርዎ አላውቅም" አለች። "ምግብ አዳራሻችን ውስጥ በመስኮት በኩል አንድ ጠረጴዛ አለ። ብርሃኑ ጥሩ፣ የአትክልቱ ቦታ የሚታየው ከእሱ ነው። ግን ማንም አይቀመጥበትም። ለምን ብለን ብንጠይቃቸው እነሱም አያውቁትም።"

ጸጥታ ጃኬቷን ለብሳ ነበር የንግግሯን መጨረሻ ያዳመጠችው።

የደረሰችው በምሳ ሰዓት ነው። አዳራሹ ሞልቷል፤ ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹ በሌሎቹ ጠረጴዛዎች ዙሪያ ትከሻ ለትከሻ ተጨናንቀው ይበላሉ። የመስኮቱ ጠረጴዛ አልጋው እንደተነጠፈ የእንግዳ ክፍል ንጹሕ ሆኖ ባዶውን ተቀምጧል። ሄዳ አንደኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። አንድ ረጅም ሽማግሌ ሳህናቸውን ይዘው ሲያልፉ ቆሙና ጎንበስ አሉላት።

"እዚያ እንኳ ባትቀመጪ ጥሩ ነበር፣ ልጄ።"

"ለምን አባቴ?"

አሰቡ። ጣሪያውን አዩ፣ መስኮቱን አዩ፣ ከዚያ ራሳቸው የተገረሙ መሰሉ። "እንጃ" አሉ።

"እኔም አላወቅኩም" አለች ጸጥታ፣ ከጎኗ ያለውን ወንበር እየሳበችላቸው። "እስቲ ትንሽ አብረውኝ ይቀመጡና ምን እንደሚሰማዎት ይንገሩኝ።"

ሽማግሌው ወንበሩን አይተው ጥቂት አመነቱ። ከዚያ ሳህናቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።